እጅጌ

በነሐሴ ዝናብ፣ ኢሎኢሎ ከተማ፣
ደጄን ያጥለቀልቀዋል ነጭ በነጭ ጫማ፤
ጃንጥላው የሚያለቅስ፣ ኪሱ የሚያቅማማ
የነርስ ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ
ይቆማል መደርደሪያው ሥር፣ ተክዞ፣ ፈዝዞ፦
«አባባ፣ የቱ ይሻላል?»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መልሴ የታወቀ፤
ውዱን ነው የማወርድ፣ ሽፋኑ ያንጸባረቀ፣
ባለ ቀለም አትላስ፣ ሲሸከሙት የሚከብድ፣
ዛሬ እንደተወለደ፣ እንደ ደህና ወንድ ልጅ።

እትሙ ያለፈበትን፣ ጀርባው የተሰበረውን
ጥግ ላይ እከምራለሁ፣ በኪሎ የሚሸጠውን።
ገዢዎቹ ገበሬዎች ናቸው፣ ከጊማራስ ማዶ፤
ማንጎው ገና እንጭጭ ሳለ፣ ዝንብ ሳይወጋው ማልዶ፣
ዛፍ ላይ ወጥተው ፍሬውን አንድ በአንድ ይጠቀልላሉ።
ስንት ሳንባ፣ ስንት ኩላሊት፣ ስንት የጎድን አጥንት
ማንጎ አቅፎ ሰንብቷል እዚያ ማዶ ደሴት!

ጆቭሊን የዚያ ልጅ ናት፣ አባቷ ማንጎ ጠቅላይ፤
በመጀመሪያው ጀልባ መጣች፣ ጭቃው ከቀሚሷ ላይ።
«የቱ ይሻላል?» አላለችም።
ውዱንና ርካሹን ጎን ለጎን ዘረጋች፤
ልብን አልፈለገችም፣ አንጎልንም ዘለለች፣
ሁለቱንም አንድ ቦታ፣ ክንድ ላይ ከፈተች።
ከዚያ ቀና ብላ፦
«ይቅርታ፣ አባባ፣ ክንድዎን ያውሱኝ።»

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ብዙ ነገር ጠይቀውኛል፤
ዋጋ ቀንስ ብለውኛል፣ ዱቤ ስጥ ብለውኛል፤
ክንድ የለመነኝ ግን የለም።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

በውዱ መጽሐፍ ያለው የዋናተኛ ክንድ ነው፤
ደም ቅዳው ቀይ፣ ደም መልሱ ሰማይ የመሰለው፤
እያንዳንዱ ጅማት በስሙ ተሰልፎ የቆመ።
«ቆንጆ ነው» አለች፣ «ግን እኛ ሰፈር አልታየም፤
እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ቀን አልታመመም።»

ርካሹ ለፈተና ነው፣ ጥያቄና መልስ፣ ሥዕሉ እንደ መንገድ ካርታ፤
ካርታው ወንዝ ባለበት፣ እኔ ጋ ደረቅ ነው፤
እኔ ጋ ወንዝ ባለበት፣ ካርታው ዝም ያለው።

ሳቅኩ። «ልጄ፣ የእኔ ክንድ እትሙ አልፎበታል፤
ከዚያ ጥግ፣ ከክምሩ ጋር በኪሎ ይሸጣል።»
እሷ ግን አልሳቀችም። ክምሩን አየችው፤
ጎንበስ ብላ ከሥሩ አንዱን መዘዘችው።

ሽፋን የለውም፤ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፤
ኅዳጉ በእርሳስ ሞልቷል ከላይ እስከ ታች።
የማን እንደነበር እንጃ፤ አንዷ ነርስ ትሆናለች፣
ሪያድ ወይ ሊድስ ስትሄድ ለወንድሟ የተወች፣
ወንድሟም በቢራ ዋጋ ለእኔ የሸጠ፣
ከዚያ ወዲህ በምስጥ ጥርስ የተላመጠ።

ጆቭሊን ወደ መስኮቱ ይዛው ተጠጋች፣
ደብዛዛውን እርሳስ ጮክ ብላ አነበበች፦

«የሽማግሌ ደም መልስ ሲነኩት ይሸሻል።
አትቸኩዪ። ቆዳውን በአውራ ጣት ሳብ አድርገሽ ያዢ፤ ይቆማል።
እጁ ከቀዘቀዘ አሙቂው። ስሙን ጥሪ።
አልጋ ዘጠኝን አራት ጊዜ ወጋሁት።
አንቺ ከሁለተኛው በኋላ፣ እባክሽ፣ ሌላ ሰው ጥሪ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ።
አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ከአንጓዬ ከፍ ብላ፣
ቆዳዬን ሳብ አደረገች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀስ ብላ፤
ያ የሚንሸራተት፣ ስንቷን ነርስ ያማረረ
ሰማያዊ ገመዴ እንደተባለው ቆመ፣ ቀረ።

«አገኘሁዎት» አለች።
መጥፋቴን አላውቅም ነበር።

ሚዛን ላይ አወጣሁት፦ ሁለት ኪሎ ከሩብ።
አልዋሽም፣ ዋጋ ልጨምር ከጅሎኝ ነበር፤
አፌ እምቢ አለ። የማንጎ ወረቀት ዋጋ ከፈለች፣
በላስቲክ ጠቅልላ፣ ሸሚዟ ውስጥ ሸጉጣው ሄደች።
አንጀቴን በላችው፤
የትኛው አትላስ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ እንጃ።

በማግስቱ ሌላ መጣ፣ መነጽሩ ጉም የለበሰ፣
«አባባ፣ የቱ ይሻላል?» እያለ ደረሰ።
እጄ ወደ ውዱ ሄደ፣ እንደ ልማዱ።
ከመንገድ መለስኩት።
እጅጌዬን ሰበሰብኩና፦
«እስቲ መጀመሪያ ይህን ፈልግ» አልኩት።
«ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»